«ኖ ኦቨራል ኮንትሮል» ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር ምክር ቤት) ምርጫ በተካሄደ ማግስት የውጤት ሰንጠረዡን ያየ ሰው አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። ሰማያዊው ኮንሰርቫቲቭ ነው። ቀዩ ሌበር። ብርቱካናማው ሊበራል ዴሞክራት። አረንጓዴው ስሙም ግሪን ነው። እዚህ ድረስ ችግር የለም። መሃል መሃል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ግራጫ የተቀባ ካውንስል ይመጣል፤ «ኖ ኦቨራል ኮንትሮል» ይላል። እንዲያውም «ኖ ኦቨራል ኮንትሮል ካውንስሉን ከኮንሰርቫቲቭ ወሰደ» ተብሎ ይዘገባል። ተወዳድሮ ያሸነፈ ፓርቲ ይመስላል እኮ!

ፓርቲ አይደለም። ከወንበሮቹ ከግማሽ በላይ የያዘ ፓርቲ የለም ማለት ነው፤ በቃ። ካውንስሉ 50 ወንበር ካለው ብቻውን ለማስተዳደር 26 ያስፈልጋል። 25 ይዞ አንደኛ የወጣ ፓርቲም ቢሆን ግራጫ ከመቀባት አይድንም።

እንግሊዝ ያለ ሐበሻ «ካውንስል» የሚለውን ቃል ጠዋት ማታ ይጠራዋል። የካውንስል ቤት፣ ካውንስል ታክስ፣ «ካውንስሉ ቢኑን ሳያነሳው ሄደ»። በብዙ የአገሪቱ ክፍል ግን ካውንስሉ ሁለት ነው። ከላይ ካውንቲው አለ፤ ትምህርት ቤት፣ መንገድና የአረጋውያን እንክብካቤ የእሱ ነው። ከሥር ዲስትሪክቱ አለ፤ ወረዳ ብንለው ብዙም አንሳሳትም። ቆሻሻ የሚሰበስበው፣ የቤት ፈላጊዎችን መዝገብ የሚይዘው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና ካውንስል ታክሱን የሚሰበስበው እሱ ነው።

ምርጫው ብዙውን ጊዜ በሜይ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ይውላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አራት ሰዓት ድምፅ ይሰጣል። አንዱ ካውንስል አባላቱን በሙሉ በአራት ዓመት አንዴ ያስመርጣል፤ ሌላው በየጊዜው ሲሶውን ብቻ። ስለዚህ በዕለቱ ብዙ ወንበር ያሸነፈ ፓርቲ ካውንስሉን ላያገኝ ይችላል። ያልተወዳደሩት የቆዩ ወንበሮች አብረው ይቆጠራሉና።

እግረ መንገዴን፦ በዚህ ምርጫ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ ጎረቤትህ ድምፅ ይሰጣል፤ አገሩ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስላለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዝከው አንተ ግን አትችልም፤ ካውንስል ታክሱን እኩል ብትከፍልም። የእንግሊዝ ዜግነት እስክታገኝ ተመልካች ነህ።

አሁን አንድ ወረዳ ቀረብ ብለን እንይ። ኢስት ሃርትፎርድሻየር ከለንደን በስተሰሜን ነው፤ 150 ሺህ ገደማ ሕዝብ፣ 50 ወንበር። በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኮንሰርቫቲቭ ሃምሳውንም ጠራርጎ ወሰደ። ተቃዋሚ የሚባል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። በ2019 ወደ 40 ወረደ። ሜይ 2023 ላይ ደግሞ በመላው እንግሊዝ ከአንድ ሺህ በላይ ወንበር ሲያጣ፣ እዚህ 16 ብቻ ቀረው። ግሪን 19፣ ሊበራል ዴሞክራት 10፣ ሌበር 5 አገኙ። አንደኛ የወጣው ግሪን ለ26 ሰባት ጎደለው። ሰንጠረዡ ላይ ግራጫ ሆነ።

እስቲ ቁጥሮቹን እንደምራቸው። ግሪንና ሌበር ቢጣመሩ 24፤ ሁለት ይጎድላል። ኮንሰርቫቲቭና ሌበር 21፤ ዋጋ የለውም። ግሪንና ኮንሰርቫቲቭ 35 ይሞላሉ፤ ግን እሳትና ጭድ ናቸው። ሊበራል ዴሞክራት ከግሪን ጋር 29 ይሆናል፣ ከኮንሰርቫቲቭ ጋር ደግሞ ልክ 26። ስለዚህ ሦስተኛ የወጣው፣ አሥር ሰው ብቻ ያለው ፓርቲ ቁልፉን ያዘ። የመረጠው ግሪንን ነበር፤ ካውንስሉንም የግሪኑ ቤን ክሪስታል መራው። ሰንጠረዡ ይህን አይነግርህም። በዚያው ምሽት ሚድ ሰፎክ ላይ ግሪን ከ34 ወንበር 24 ሲያገኝ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ድርድርም አላስፈለገው።

ድርድሩ የሚካሄደው ከቆጠራው እስከ ዓመታዊው ስብሰባ ባሉት ቀናት ነው። መቋጫው ሁልጊዜ ጥምር አስተዳደር አይሆንም። አንዳንዴ ትልቁ ፓርቲ ግማሽ ሳይሞላ ብቻውን ይረከባል፤ ሌሎቹም «አንገባም፣ ግን አንጥልህም» ይሉታል። እንዲህ ያለው አስተዳደር እያንዳንዱን ድምፅ እየለመነ ነው የሚኖረው። የዓመቱን ካውንስል ታክስ የሚወስንበት የሕግ ቀነ ገደብ ማርች 11 ስለሆነ፣ ላቡ ጠብ የሚለው የእንግሊዙ ክረምት መጨረሻ ላይ ነው። ፓርቲ የሌላቸው ሁለት ሦስት የግል ተመራጮች የሚፈለጉትም ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ ሰላም የማይላቸው ሁሉ ሻይ ይጋብዛቸዋል።

ዓመታዊው ስብሰባ መጀመሪያ የሚመርጠው ሰብሳቢውን ነው። ሥራው ስብሰባ መምራትና በዓል ላይ መገኘት ብቻ ይመስላል። ግን ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ አለው። አንዴ እንደ አባል፣ አንዴ እንደ ሰብሳቢ እጁን ያወጣል። 25 ለ25 በተከፈለ ካውንስል ይህ ቀልድ አይደለም፤ ወንበሩን የያዘ ወገን ካውንስሉን ይዟል ማለት ይቻላል።

ግራጫ ለመሆን ደግሞ የግድ ምርጫ አያስፈልግም። ኦክስፎርድ ከተማ ሌበር ብቻውን ያስተዳድር ነበር። ኦክቶበር 2023 ላይ የፓርቲው መሪዎች በጋዛ ጦርነት ላይ በያዙት አቋም የተቆጡ ካውንስለሮች ከፓርቲው ወጡ። ወንበራቸውን ግን ይዘው ነው የወጡት። አንድም የምርጫ ኮሮጆ ሳይከፈት ሌበር አብላጫውን አጣ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ዕጣው ነው። ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ድምፅ ካገኙ ምርጫው አይደገምም። ሕጉ በዕጣ ይለይ ይላል፤ እንዴት የሚለውን ለአስመራጩ ኃላፊ ትቶታል። ሳንቲም ይወረወር፣ ስም ከሳጥን ይውጣ፣ ስንጥር ይመዘዝ፣ እንደ ፈቀደው። ዕጣው የወጣለት ሰው አንድ ድምፅ እንደ ተጨመረለት ይቆጠራል።

ኖርዘምበርላንድ ከስኮትላንድ ድንበር ሥር ነው። እዚያ ዲስትሪክት የለም፤ አንዱ ካውንስል ሁሉንም ሥራ ይሠራል። ያኔ 67 ወንበር ነበረው፣ ለብቻ ለመግዛት 34 ያስፈልግ ነበር። ሜይ 2017 ላይ ሁሉም ተቆጥሮ ኮንሰርቫቲቭ 33 ሲደርስ ሳውዝ ብላይዝ የሚባል አካባቢ ቀረ። እዚያ የኮንሰርቫቲቩና የሊበራል ዴሞክራቷ ድምፅ እኩል ሆነ። ስንጥር አስመዘዟቸው። አጭሩ ለኮንሰርቫቲቩ ደረሰ፤ ተሸነፈ።

ፓርቲው 33 ላይ ቀረና ግማሽ ሳይሞላ ማስተዳደር ጀመረ። አራት ዓመት ጠብቆ በ2021 እንደገና ቀረበ። በዚህኛው ዙር ሄክሳም ኢስት የሚባል አካባቢ የኮንሰርቫቲቭና የሊበራል ዴሞክራት ተወዳዳሪዎች ድምፅ እኩል ሆነ፤ አሁንም ዕጣ ወጣ፤ አሁንም ለሊበራል ዴሞክራቷ ደረሰ። ኮንሰርቫቲቭ ስንት ወንበር ያዘ? 33።