ፎርት ዴቪስ፦ በቴክሳስ በረሃ የቀረው የጦር ሰፈር

ፎርት ዴቪስ አጥር የሌለው ምሽግ ነው። በምዕራብ ቴክሳስ፣ ከተራራ ገደል ሥር፣ በሰልፍ ሜዳ ዙሪያ የተደረደሩ ቤቶች ናቸው።

የተመሠረተው በ1854 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ከተባለ ወዲህ ከሳን አንቶኒዮ ወደ ኤል ፓሶ የሚወስደው መንገድ በሰው ተጨናነቀ። አገሩ ግን የነባሮቹ ሕዝቦች፣ የአፓቼዎችና የኮማንቼዎች ነበር፤ እነሱም በመሬታቸው የሚያልፈውን ያጠቁ ነበርና የአሜሪካ ጦር መንገዱን ሊጠብቅ መጣ። እዚህ የሰፈረው ሊምፒያ የሚባል ጅረት ስላለ ነው። በ1857 ጦሩ ለጭነት ሊሞክራቸው ያስመጣቸው ግመሎች ሳይቀሩ በዚሁ አልፈዋል።

ስሙ የተወሰደው ከጊዜው የጦር ሚኒስትር ከጄፈርሰን ዴቪስ ነው። ሰውዬው ኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለባርነት የተዋጋው የደቡብ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆነ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1867፣ ፈርሶ የቆየውን ሰፈር መልሶ የያዘው ግን የጥቁሮች ጦር ነው፦ 9ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሪያ የነበሩ ናቸው። እስከ 1885 ድረስ ጥቁር ወታደሮች እዚህ እየተፈራረቁ አገለገሉ።

ትልቁ ዘመቻቸው በ1880 የአፓቼውን መሪ ቪክቶሪዮን መግጠም ነበር። ቪክቶሪዮን በተራራ ላይ አሳዶ መያዝ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ኮሎኔል ግሪርሰን ማሳደዱን ትቶ ወታደሮቹን በውሃ ጉድጓዶቹ ላይ አስቀመጠ፤ በዚያ ሐሩር ሰውም ፈረስም ያለ ውሃ የትም አይደርስም። ቪክቶሪዮ ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ፤ በጥቅምት የሜክሲኮ ጦር ገደለው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የመቶ አለቃ ሄንሪ ፍሊፐር ታሪክ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ በ1877 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ፎርት ዴቪስ ላይ የስንቅ ኃላፊ ሳለ፣ በ1881፣ ከእጁ ገንዘብ ጎደለ። ደንግጦ ጉድለቱን ሸሸገ። ወዳጆቹና የከተማው ሰዎች አዋጥተው ተኩለት፤ ቢሆንም ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ገንዘብ አጥፍቷል ከሚለው ክስ ነፃ ወጣ፣ ለመኮንን የማይገባ ተግባር ፈጽሟል ተብሎ ግን በ1882 ከጦሩ ተባረረ። ስሙን ለማስመለስ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ ኖሮ ሳይሳካለት በ1940 ሞተ። ጦሩ ቅጣቱ ከመጠን በላይ መሆኑን ያመነው በ1976 ነው፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ደግሞ በ1999 ይቅርታ አደረጉለት።

ሰፈሩ በ1891 ተዘጋ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይጠብቀዋል። ሃያ የሚሆኑ ቤቶች ታድሰዋል፤ የወታደሮቹ ማደሪያ፣ የአዛዡ ቤትና ሆስፒታሉ በዘመኑ ዕቃ ተሞልተው ይታያሉ። የቀሩት ከመሠረትና ከፈራረሰ የጭቃ ጡብ ግድግዳ በቀር የላቸውም። ከሄዳችሁ ፍሊፐር የተከሰሰበትን የጸሎት ቤት ቦታ ሳታዩ አትመለሱ፤ ችሎቱ የተቀመጠው እዚያ ነበር።