ሲሞስ ባትሪ ምንድን ነው? አሮጌው ዴስክቶፕ በተነሳ ቁጥር ኤፍ1 ተጫን የሚለውስ ለምንድን ነው?

ቤት ያለው የቆየ ዴስክቶፕ ስታበሩት ጥቁር ስክሪን ላይ የሆነ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎ ኤፍ1 ተጫኑ እያለ ይቆማል? ስትጫኑት ይገባል ግን ቀኑ ከስንት አመት በፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ? እንግዲህ ማሽኑ አርጅቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ጎኑን ክፈቱና ማዘርቦርዱ (ሁሉም እቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ ፈልጉ፣ ሲሞስ ባትሪ የምትባለው እሷ ናት።

ስራዋ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን ማስቆጠር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል አለ፣ ይሄን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ብታካፍሉት 1 ይመጣል፣ አንድ ሰከንድ የሚቆጠረው እንደዛ ነው። በቆዩት ማሽኖች ላይ ደሞ ከየትኛው ሀርድ ዲስክ ይነሳ ምናምን የሚለውን የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም) ሴቲንግም የምትይዘው እሷ ናት። ኤፍ1 ተጫኑ የሚለውም እሷ ስታልቅ ሰዓቱና ሴቲንጉ ስለሚጠፋበት ነው። በፈረንጆቹ 1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ይሄ ስላልነበረው ሰው በከፈተው ቁጥር ቀንና ሰዓት በእጁ ያስገባ ነበር፣ በባትሪ የሚሰራ ሰዓት አብሮት የመጣው በ1984 ኤቲ የሚባለው ሞዴል ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ትንሽ ኃይል ስለሚሰጥ ባትሪዋ ብዙም አትደክምም። እኛ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ እቃ እንዳያቃጥል ብለን ማታ ማታ ዲቫይደሩን እናጠፋለን፣ ማጥፋቱ ልክ ነው አታቁሙ፣ ግን ያን ሁሉ ሰዓት የምትሰራው ባትሪዋ ብቻ ስለሆነች ቶሎ ታልቃለች።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ የኛ ቤቱ ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔት ሲከፈት ሁሉም ሳይት ሴኪዩር አይደለም ይል ነበር፣ አንድ ጥገና ቤት ወስደነው ቫይረስ ነው ብለው ፎርማት አደረጉት፣ የአባቴ ፎቶዎች በዛው ጠፉ፣ በማግስቱ ስንከፍተው ያው ችግር። ለካ ቀኑ ወደኋላ ስለሄደ ብራውዘሩ የሳይቶቹን ሰርተፍኬት (ትክክለኛ መሆናቸውን የሚያሳየውን ማረጋገጫ) የሚሰራበት ቀን ገና ያልጀመረ አድርጎ እየቆጠረ ነው! ስለዚህ ፎርማት ይደረግ የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ቀኑን እዩት፣ እባካችሁ።

ለመቀየር ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ፓወር በተኗን ትንሽ ሰከንድ ይዛችሁ ልቀቁ፣ ከዛ የመያዣዋን ምላስ ገፋ ስታደርጉ ባትሪዋ ብድግ ትላለች። የፕላስ ምልክቱ ወደላይ ነው። ላይዋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 ይላል፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት 3.2 ውፍረት ማለት ነው፣ 2025 የሚለው ስፋቱ አንድ ቢሆንም 2.5 ብቻ ስለሆነ በደንብ ላይነካ ይችላል። አዲሷ 3 ቮልት ናት፣ ቻርጅ አትደረግም።

ከዛ ባዮስ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እንዳትረሱ፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ 8 ብላችሁ ነው የምትሞሉት። ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ እንደገና እየተነሳ ካስቸገረ አትደንግጡ፣ ባዮስ ውስጥ ሀርድ ዲስኩ የሚገናኝበት የሳታ ሴቲንግ ኤኤችሲአይ ከሚባለው ወደ አይዲኢ ወደሚባለው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ መልሱት።

ጭራሽ አልበራ ካለ ግን መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ፣ ፋኑ እየዞረ ጢጥ ጢጥ ካለ ደሞ ብዙ ጊዜ ራም ነው።

ያወጣችኋትን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፣ ህጻን ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ታቃጥላለች፣ ከተዋጠች ምልክት ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።