የኤሌክትሪክ ኃይልና የስማርት ግሪድ ምርምር በድሬዳዋ

በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ የኤሌክትሪክ ኃይል ሥርዓት ከሚጠናባቸው ተቋማት መካከል ሁለቱ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በሁለቱም ዘርፉ የሚሰጠው በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የመመረቂያ ሥራዎች ሲሆኑ ጭብጦቻቸውም ይደጋገማሉ፦ የመብራት መቆራረጥ፣ በመስመር ላይ የሚባክን ኃይል፣ የቮልቴጅ መውረድ፣ የፀሐይና የነፋስ ኃይልን ከመረቡ ጋር ማገናኘት፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ስማርት ግሪድ።

ስማርት ግሪድ ማለት መረቡ የራሱን ሁኔታ እንዲለካ፣ እንዲያሳውቅና በከፊልም ራሱን እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። መረጃ የሚልክ ቆጣሪ፣ ከርቀት የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የመገናኛ ዘዴና ውሳኔ የሚሰጥ ፕሮግራም ያስፈልጉታል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። በአገራችን ፊደሮች (ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥተው ኃይል ወደ ሰፈር በሚያደርሱ መስመሮች) ላይ የሚጎድለው ግን የመጀመሪያው፣ ማለትም ልኬቱ ነው።

መረቡና የከተማዋ ጠባይ

ኃይል ወደ ድሬዳዋ የሚገባው በ230 ኪሎ ቮልት ነው። በማከፋፈያ ጣቢያዎች እየወረደ ወደ 33 እና 15 ኪሎ ቮልት ይመጣል፤ በየመንደሩ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 400/230 ቮልት ያወርደዋል። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጭ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ሆነዋል። ለተመራማሪ ይህ ማለት ሁለት የትብብር ደብዳቤ ማለት ነው። የጣቢያው የብሬከር (ጥፋት ሲኖር መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ) መዝገብ በአንዱ፣ የደንበኞችና የትራንስፎርመሮች ዝርዝር በሌላው እጅ ይገኛል። አንዱን ብቻ ይዞ የጀመረ ጥናት መሀል መንገድ ላይ ይቆማል።

ከተማዋ ለዚህ ዘርፍ ተፈጥሯዊ ቤተ ሙከራ ናት ማለት ይቻላል። በአዲጋላ በኩል እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀውና እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር 283 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ረጅም መስመር ጭነት ሲቀንስበት እንደ ካፓሲተር ይሆናል። በ50 ኸርዝ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል የማዕበል ልዩነት አለ፤ ለ283 ኪሎ ሜትር ሲሰላ 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ጭነት የሌለው የመስመር ጫፍ ቮልቴጅ ከመነሻው በ4.6 በመቶ ያህል ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ትርፉን የሚውጥ ጥቅል፣ ማለትም ሪአክተር፣ ካልገባ የሌሊቱ ችግር የቮልቴጅ መውረድ ሳይሆን መውጣት ነው።

በዚያው አቅጣጫ የአይሻ ነፋስ ኃይል ማመንጫ ይገኛል። ከዋና ማመንጫዎች በራቀ የመረብ ዳርቻ ላይ የነፋስ ተርባይን ሲገናኝ ቀድሞ የሚጠየቀው የቦታው የአጭር ዑደት አቅም፣ ማለትም ሽቦዎች ቢነካኩ መረቡ እዚያ የሚያደርሰው ኃይል፣ ነው። ይህ አቅም ለማመንጫው መጠን ተካፍሎ ከ3 በታች ከመጣ ግንኙነቱ ደካማ ይባላል። ለ120 ሜጋ ዋት ማመንጫ ቢያንስ 360 ሜጋ ቮልት አምፔር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሌላው ባቡሩ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚንቀሳቀሰው በ25 ኪሎ ቮልት ነጠላ ፌዝ ነው። ነጠላ ፌዝ ከመረቡ ሦስት ፌዞች (ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች) የሚስበው ከሁለቱ ብቻ ስለሆነ ሚዛኑን ያዛባል፤ አለመመጣጠኑም ሎኮሞቲቩ ሽቅብ ሲወጣና ሲቆም ይለዋወጣል። የተለመደው ወሰን 2 በመቶ ነው። ትንሽ ቢመስልም 1 በመቶ የቮልቴጅ አለመመጣጠን በሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ከ6 እስከ 10 በመቶ የኮረንቲ አለመመጣጠን ያመጣል። የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ እንዲሁም ከተማዋን ውኃ የሚያጠጡ የጉድጓድ ፓምፖች ባሉበት ቦታ ይህን መለካት ጠቃሚ ጥናት ነው። ልኬቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በየ10 ደቂቃው አማካይ መያዝ አለበት። ለግማሽ ቀን የተለካ ባቡር ያላለፈበት ሰዓት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

መረጃው

ጥናት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከጣቢያ የሚገኘው በእጅ የተጻፈ መዝገብ ነው፤ መስመሩ የወደቀበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ የጭነቱ አምፔርና ምክንያቱ ይጻፍበታል። ምክንያቱ በምህጻረ ቃል ቋሚ ወይም ጊዜያዊ የመሬት ጥፋት (ኮረንቲ ወደ መሬት የሚፈስበት ብልሽት)፣ ቋሚ ወይም ጊዜያዊ አጭር ዑደት፣ ከአቅም በላይ ጭነት፣ ወይም ለጥገና የተቋረጠ ተብሎ ይለያል። በኒም ዛፍ ጥላ የተሸፈነ መንገድ ላይ ቅርንጫፍ ሽቦ ሲነካ የሚመዘገበው ጊዜያዊ የመሬት ጥፋት ነው። ወራት ሙሉ አቧራ በጠጣ ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለይ ኮረንቲ የማያስተላልፍ ዕቃ) ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ሲያርፍም ያው ነው። የሁለቱ መፍትሔ ግን አይገናኝም፤ አንዱ መጋዝ፣ ሌላው እጥበት ይፈልጋል። መለየት የሚቻለው ቀኑን ከሜትሮሎጂ የዝናብ መዝገብ ጋር በማስተያየት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ ነው። መዝገቡ በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ተጽፎ፣ የዲጂታል ቆጣሪው መረጃ ደግሞ በ24 ሰዓትና በፈረንጆች ቀን ይመጣል። ሁለቱ ሳይስማሙ አንድ ፋይል ውስጥ ሲገቡ የከተማዋ ከፍተኛ ጭነት ሌሊት ላይ የሚታይበት ግራፍ ይወጣል። ምሽት 1 ሰዓት 19፡00 ነው፤ ይህን የዘነጋ ተማሪ ግራፉን ሲያብራራ ብዙ ይደክማል። ጳጉሜንም እንደ ሙሉ ወር ቆጥሮ አማካይ ማውጣት የተለመደ ስህተት ነው።

የመቆራረጥ መለኪያዎቹ ሳይፊ እና ሳይዲ ይባላሉ። የመጀመሪያው አንድ ደንበኛ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠበት፣ ሁለተኛው ለስንት ሰዓት እንደቆየበት ይናገራል። የጣቢያ መዝገብ የሚያየው ብሬከሩ ሲከፈት ብቻ ነው። 5,000 ደንበኛ ያለው ፊደር በወር 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ2 ሰዓት ወደቀ እንበል። በዚሁ ወር የአንድ ትራንስፎርመር ፊውዝ ተቃጥሎ 120 ቤቶች 26 ሰዓት በጨለማ አሳልፈዋል። ከጣቢያው መዝገብ የሚወጣው ሳይፊ 3.0፣ ሳይዲ 6.0 ሰዓት ነው። የፊውዙ ጥሪ ሲጨመር 3.02 እና 6.62 ይሆናሉ። የ120ዎቹ ቤቶች እውነት ግን 32 ሰዓት ነው፤ አማካዩ ውጦታል። ስለዚህ የጥገና ጥሪ መዝገብን ያላካተተ የአስተማማኝነት ጥናት የጣቢያውን እንጂ የሰፈሩን ሁኔታ አያሳይም።

ሦስተኛው ጉድለት የፊደሩ ካርታ ነው። ቢሮ ያለው ሥዕል ከምሰሶው ጋር አይስማማም፤ ትራንስፎርመር ተቀይሯል፣ ቅርንጫፍ ተጨምሯል፣ ሽቦውም በከፊል በወፍራም ተተክቷል። የሚሻለው ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይዞ በእግር ከጣቢያው እስከ መጨረሻው ምሰሶ መሄድ፣ የትራንስፎርመሩን ሰሌዳ ማንበብ፣ የሽቦውን ውፍረት መመዝገብና የሦስቱን ፌዞች ልዩነት ማየት ነው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እውነት ለመናገር ከጠቅላላው ጥናት ለአገልግሎቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው።

ሒሳቡ፣ አንድ ምሳሌ

በ15 ኪሎ ቮልት፣ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም መስመር ጫፍ ላይ 2 ሜጋ ዋት ጭነት በ0.85 ፓወር ፋክተር (ሥራ የሚሠራው ኃይል ከጠቅላላው ያለው ድርሻ) ተሸክሟል እንበል። በየኪሎ ሜትሩ 0.6 ኦም ሬዚስታንስና 0.36 ኦም ሪአክታንስ ተወስዶ ሲሰላ ቮልቴጁ በ1.1 ኪሎ ቮልት፣ ማለትም በ7.3 በመቶ ይወርዳል፤ 148 ኪሎ ዋት ያህልም ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል። 580 ኪሎ ቫር ካፓሲተር ጫፉ ላይ ሲተከል ፓወር ፋክተሩ 0.95 ይደርሳል፣ ብክነቱ ወደ 118 ኪሎ ዋት፣ የቮልቴጅ መውረዱም ወደ 6.4 በመቶ ይቀንሳል። መስመሩ ወደ 33 ኪሎ ቮልት ቢቀየር ብክነቱ በ4.84 እጥፍ ይወርዳል፤ 31 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀራል። ካፓሲተር ርካሽ ነው፣ ቮልቴጅ መቀየር ግን ሥር ነቀል ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የመጀመሪያውን አጥንተው ሁለተኛውን በዋጋ ሳያነጻጽሩ ያልፋሉ።

ካፓሲተርም የራሱ መዘዝ አለው። ሌሊት ጭነቱ ሲወርድ ካልተነጠለ ቮልቴጁን ያንራል። ከዚህ የባሰው ሬዞናንስ ነው፤ ካፓሲተሩና መረቡ ተገጣጥመው አንድን ሃርሞኒክ (የ50 ኸርዝ ብዜት የሆነ ድግግሞሽ) ያጎሉታል፦ የቦታው የአጭር ዑደት አቅም ለካፓሲተሩ መጠን ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣ የትኛው ሃርሞኒክ እንደሚጎላ ይታወቃል። 30 ሜጋ ቮልት አምፔር ባለበት ቦታ 600 ኪሎ ቫር መትከል 7ኛውን ሃርሞኒክ ይጠራል፤ የፋብሪካ ሞተር መቆጣጠሪያዎች የሚያመነጩትም እሱኑ ነው። ውጤቱ ያበጠ ካፓሲተርና በየሳምንቱ የሚቃጠል ፊውዝ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው በማትላብ፣ በኢታፕ ወይም በዲግሳይለንት ፓወርፋክተሪ ፕሮግራም ነው። አዲስ አልጎሪዝም የሚፈትኑት ባለ 33 ባስ (መገናኛ ነጥብ) በሚባለው የታወቀ የሙከራ መረብ ላይ ሲሆን ቮልቴጁ 12.66 ኪሎ ቮልት፣ ጭነቱ 3.715 ሜጋ ዋት፣ ብክነቱ 203 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ማብሪያዎቹ በተሻለው አሰላለፍ ሲቀያየሩ ብክነቱ ወደ 140 ኪሎ ዋት ይወርዳል። ሁሉም ዘዴ የሚደርሰው እዚያው ነው፤ የንብ መንጋም ይሁን የወፍ መንጋ ስም ቢሰጠው። ይህ መረብ 5 የማገናኛ ማብሪያዎች አሉት፤ በከተማው ፊደሮች መካከል ግን እንዲህ ያለ ማገናኛ መኖሩ ምሰሶው ላይ ሳይረጋገጥ ውጤቱን ወደ ድሬዳዋ ማዛወር አይቻልም።

ሙቀቱ ስሌት ውስጥ ሲገባ

የፕሮግራሞቹ የመነሻ ቁጥሮች ለቀዝቃዛ አገር ናቸው። የአሉሚኒየም ሽቦ ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ የተሰጠ ነው፤ ሽቦው 70 ዲግሪ ሲደርስ በ20 በመቶ ይጨምራል። ይህን ያላስተካከለ ስሌት ብክነቱን በዚያው ልክ አሳንሶ ያሳያል። የትራንስፎርመር ደረጃ የሚሰላው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው ተብሎ ሲሆን የድሬዳዋ 25 ገደማ ነው። በተለመደው ወረቀት የተሸፈነ ጥቅል ውስጣዊ ሙቀቱ ከ98 ዲግሪ በላይ በየ6 ዲግሪው ሲጨምር እርጅናው እጥፍ ይሆናል። የ5 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ዕድሜውን በ1.8 እጥፍ ያፈጥነዋል። በተጨማሪም ሙቀት በሚበረታበት ጊዜ ቬንትሌተርና ኤሲ ስለሚበዛ ጭነቱና ሙቀቱ በአንድ ላይ ይመጣሉ፤ ትራንስፎርመሩ ለማቀዝቀዝ የሚያገኘው ፋታ ያንሳል።

የሶላር ፓኔልም ከዚህ አያመልጥም። አየሩ 33 ዲግሪ በሆነበት ቀትር፣ ፀሐዩ 1,000 ዋት በካሬ ሜትር ሲሆን፣ ፓኔሉ ራሱ 64 ዲግሪ ይደርሳል። በየዲግሪው 0.4 በመቶ ሲቀነስ ከሰሌዳው አቅም 16 በመቶ ያህል ጠፍቷል። አቧራው ተጨማሪ ነው። በከተማዋ ውኃ ማጠብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጥለው ኖራ መስታወቱም ላይ ይቀራል። ስለዚህ ንጋት ላይ፣ ፓኔሉ ሳይግል፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ በዝናብ ወይም በተጣራ ውኃ ማለቅለቅ ይመረጣል።

ስማርት ቆጣሪና ትንበያ

በየ15 ደቂቃው የሚያነብ ቆጣሪ በቀን 96 ንባብ ይልካል፤ 5,000 ቆጣሪ 480,000 ንባብ ነው። ከዚህ መረጃ የነገን ጭነት መተንበይ የዘመኑ ተወዳጅ ርዕስ ሆኗል። ትልቁ ስህተት መብራት በጠፋበት ሰዓት የተመዘገበውን ዜሮ እንደ ፍላጎት መውሰድ ነው። ሞዴሉ መቋረጡን ተምሮ ሰው ኃይል አይፈልግም ይላል። መብራት ሲመለስም ማቀዝቀዣውና ቬንትሌተሩ አንድ ላይ ስለሚነሱ ጭነቱ ለደቂቃዎች ከልማዱ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ከማሠልጠኛው መረጃ መለየት አለባቸው።

ሌላው ረመዳን ነው። በድሬዳዋና በሐረር የአፍጥርና የሱሑር ሰዓት የጭነቱን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ወሩ ግን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ቀደም ብሎ ይመጣል። የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ያየ ሞዴል ለውጡን ለወቅቱ ሙቀት ይሰጠዋል። የሒጅራ ቀን እንደ አንድ ግብዓት መግባቱ ቀላል ነው፣ ከተወሳሰበ ኔትወርክ ይልቅም ስህተቱን ሊቀንስ ይችላል። ውጤቱ ሁልጊዜ ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ጋር መወዳደር አለበት፤ ያን ካላሸነፈ ሞዴሉ አላስፈለገም።

የጣሪያ ሶላር ሲበዛ የሚነሳው ጥያቄ ጥበቃው ነው። ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል ወደ መረቡ ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) በአጭር ዑደት ጊዜ የሚሰጠው ኮረንቲ ከደረጃው ከ1.1 እስከ 1.5 እጥፍ ብቻ ነው። በብዙ እጥፍ እንዲነቃ የተስተካከለ ሪሌይ (ጥፋት አይቶ ብሬከሩን የሚያስከፍት መሣሪያ) ከዋናው መረብ ተነጥሎ የቀረውን ክፍል ጥፋት ላያየው ይችላል። ለጥገና ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተዘነጋው ጥናት የምድር ሽቦ ነው። አራት ዘንግ በእኩል ርቀት ተክሎ የአፈሩን ሬዚስቲቪቲ መለካት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በ300 ኦም ሜትር ደረቅ አፈር ውስጥ 3 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ 100 ኦም ያህል ይሰጣል፤ ለትራንስፎርመር ይህ በፍጹም አይበቃም። ዘንግ መጨመር፣ በመካከላቸው ቢያንስ የርዝመታቸውን ያህል ርቀት መተው፣ እርጥበት የሚይዝ ሸክላ ወይም ቤንቶናይት ዙሪያውን መሙላት ይረዳል። በደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ የተተከለ ደግሞ ከጎርፍ በኋላ እንደገና መታየት አለበት። በነሐሴ የተለካ ቁጥር ሁሉን ያማረ ያስመስላል፤ ለንድፍ መወሰድ ያለበት መሬቱ በደረቀበት በጥር መጨረሻ የተለካው ነው።