አር 42 ምንድን ነው?

«አዞረኝ» የምትለው ቃል ብዙ ነገር ትሸከማለች። ቤቱ የሚሽከረከርበት ሰው አዞረኝ ይላል። ከአልጋው ብድግ ሲል ዓይኑ ጭልም ያለበትም አዞረኝ ይላል። ሲራመድ የሚንገዳገደውም እንደዚያው። ለወሬ ይበቃል። ለሕክምና መዝገብ ግን አይበቃም፤ እዚያ እያንዳንዱ የራሱ ኮድ አለው።

ኮዶቹ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚያዘጋጀው የበሽታዎች ምደባ፣ ከአይሲዲ የሚወሰዱ ናቸው። በአይሲዲ 10 የማዞር ስሜት ኮዱ አር 42 ነው። ታዲያ ይሄ የበሽታ ስም አይደለም። በ«አር» የሚጀምሩት ኮዶች የምልክቶች ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። «ታካሚው ያዞረዋል፤ ምክንያቱን ገና አልደረስንበትም» እንደማለት ነው። ወረቀታችሁ ላይ ካያችሁት አትደንግጡ።

ምክንያቱ ሲታወቅ ኮዱ ይቀየራል። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ለጥቂት ሰከንድ ድንገት የሚያሽከረክር ማዞር አለ። የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ሚዛን የሚጠብቁት ቱቦዎች ውስጥ ሲገቡ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ታካሚውን ያስቀምጥና አንገቱን 45 ዲግሪ አዙሮ ቶሎ ወደ ኋላ ያስተኛዋል። ከዚያ ዓይኑን ያያል። ዓይኑ በተለየ ሁኔታ ከተርገበገበ ነገሩ ተገኘ፤ ኮዱ ኤች 81.1 ይሆናል። የአሜሪካው እትም በዚህ አያበቃም፣ የትኛው ጆሮ ነው ብሎ ይጠይቃል፦ ቀኝ ከሆነ ኤች 81.11፣ ግራ ከሆነ ኤች 81.12። የቢሮክራሲ ጣጣ ይመስላል፤ አይደለም። ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው ለመመለስ ጭንቅላት የሚዞረው እንደ ታመመው ጆሮ ነውና።

ማዞሩ ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር እየተመላለሰ የሚመጣው የሜኒየር በሽታ ኤች 81.0 ነው። ምንጩ አንጎል ከሆነ ኤች 81.4፤ ከእሱ ጋር ቀልድ የለም። ቆም ሲሉ የደም ግፊት ወርዶ ከሆነ ደግሞ ከጆሮው ምዕራፍ ጭራሽ ወጥተን አይ 95.1 ጋ እንደርሳለን።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ኤች 81.1 ከተጻፈ በኋላ አር 42ን ደርቦ ማስገባት ነው። የአሜሪካው እትም ይህን አይፈቅድም፤ ማዞሩ በበሽታው ውስጥ ተቆጥሯላ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሐኪሙ «ሜኒየር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይጽፋል፣ ኮድ ሰጪው «ሜኒየር» ብሎ ያስገባል። በአሜሪካ የተመላላሽ ታካሚዎች ደንብ ጥርጣሬ ኮድ አይሰጠውም። የሚጻፈው ምልክቱ ነው፣ እሱም አር 42። አለበለዚያ ሰውየው የሌለበት በሽታ መዝገቡ ላይ ተለጥፎበት ይቀራል።

ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይሲዲ 11 ሥራ ላይ ውሏል። እዚያ የአር 42ን ቦታ የያዘው ኤምቢ 48 ነው። ብዙ አገሮች ግን ገና አሥረኛው ላይ ስለሆኑ አር 42 ለጊዜው የትም አይሄድም።