«ወደ ኮከቦቹ ለመጠጋት ነዋ!» አይደለም

ስለ ሶፊያ ባወራሁ ቁጥር አንድ ሰው ራሱን እየነቀነቀ «ገባኝ፣ ወደ ኮከቦቹ ለመጠጋት ነዋ!» ይለኛል። ሰልችቶኛል።

ሶፊያ ናሳና የጀርመን የጠፈር ማዕከል በቦይንግ 747ኤስፒ ላይ የገጠሙት ቴሌስኮፕ ነበረች። ከ2010 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ሰማይን ተመልክታለች። የምትበረው ከ12 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። ጎረቤታችን ጨረቃ እንኳ 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከዚህ ላይ 13 ኪሎ ሜትር ተቀነሰ አልተቀነሰ ምን ይፈይዳል?

ጉዳዩ ውሃ ነው። አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ሩቅ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን ይውጠዋል። ኮከቦች ከሚወለዱባቸው ደመናዎች የሚወጣው፣ የሞገድ ርዝመቱ 158 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺኛ ነው) የሆነ የካርቦን ብርሃን፣ ተራራ አናት ላይ ብትወጡም አይደርሳችሁም። ተኑ ደግሞ አብዛኛው ከታች ነው ያለው። ሶፊያ ስትበር ከተኑ 99 በመቶው ከበታቿ ይቀር ነበር። የደቡቡን ሰማይ ለማየት ወደ ኒውዚላንድ ስትሄድም የዚያን አገር ቀዝቃዛ ወራት ትመርጥ ነበር፤ ያኔ ከላይ ያለው አየር ይበልጥ ደረቅ ነውና። ከፍታው ያው፣ ኮከቡም ያው፣ የተለወጠው ተኑ ብቻ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ አንዱ «ታዲያ ትንሽ ከፍ ብትል አትቀርብም ነበር?» አለኝ። ምን ይባላል!

የምሰማው ሌላም አለ። «በመስኮት ነው የምታየው።» የመስኮት መስታወት የሚባል ነገር አልነበረም። አውሮፕላኑ እየበረረ ትልቅ በር ይከፈት፣ 2.7 ሜትር ስፋት ያለው የቴሌስኮፑ መስታየትም በቀጥታ ሰማዩን ያይ ነበር። ሰዎቹ አየር ከማያስወጣ ግድግዳ ወዲህ ነበሩ።

«ኢንፍራሬድ የሌሊት ካሜራ ነው።» የሌሊት ካሜራ የሰው ገላን ሙቀት ያያል፤ እዚህ የምናወራው ግን ከዜሮ በታች ከ200 ዲግሪ በላይ ስለቀዘቀዘ የጠፈር አቧራ ነው።

«ጨረቃ ላይ ውሃ አገኘች።» እውነት ነው፣ በ2020 ክላቪየስ በተባለው ጉድጓድ። ግን የሰሃራ አሸዋ እንኳ 100 እጥፍ ይበልጠዋል። ሐይቅ አትጠብቁ።

«ሳተላይት እያለ አውሮፕላን ምን ያደርጋል?» ወጪው በዛ የሚለው ክርክር ያስኬዳል፤ የተዘጋችውም በዚሁ ነው። ጥቅም የላትም ማለት ግን ሌላ ነው። ኸርሸል የተባለው ሳተላይት ማቀዝቀዣ ሂሊየሙ በ2013 ሲያልቅበት ሥራው አበቃ፤ ማን ሄዶ ይሙላለት? ሶፊያ ግን ጠዋት ታርፍ፣ መሣሪያዋ ይቀየር፣ መልሳም ትነሳ ነበር። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አለ የምትሉ ደግሞ፣ እሱ የሞገድ ርዝመቱ ከ28 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ የሆነ ብርሃን አያይም። የ158ቱን ብርሃን ከእሱ አትጠብቁ።