የክፍል ውስጥ ጓሮ ምንድን ነው?

አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ሶፍት፣ ሦስት አራት ፍሬ ባቄላ። የክፍል ውስጥ ጓሮ ለመጀመር ይሄ ይበቃል። ተማሪዎች ራሳቸው ዘርተው፣ ውኃ አጠጥተው፣ በየቀኑ እየለኩና እየመዘገቡ የዕፅዋትን ዕድገት ይማሩበታል። ጓሮው መስኮት ዳር ሊሆን ይችላል። ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ ደግሞ ቨርቹዋል ጓሮ ይባላል።

የቆቦን ማሽላ፣ የቃሉን ማሾ እያየ ላደገ የወሎ ልጅ እርሻ ብርቁ አይደለም። ከአፈር ሥር የሚሆነውን ግን ገበሬው አባቱም አያየውም። ፕላስቲኩ ያንን ያሳያል። አንገቱን ቆርጣችሁ ውስጡን እርጥብ ሶፍት አልብሱት። ባቄላውን ከውጭ እንዲታይ በሶፍቱና በፕላስቲኩ መሃል ሰካ አድርጉት። ውኃው ከታች ትንሽ ብቻ ይሁን፤ ፍሬው ከተዘፈቀ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ባቄላው መጀመሪያ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ ልባሱ ተሰንጥቆ ሥር ይወጣል። ቡቃያው ኋላ ነው የሚመጣው። ሥር ያወጣውን አንዱን ፍሬ ገልብጡት፤ ሥሩ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ያመራል። እዚህ ላይ ክፍሉ በጥያቄ ይሞላል።

በጣሳ አፈር ውስጥ ባቄላና ቦሎቄ ጎን ለጎን ብትዘሩም ደስ ይላል። የቦሎቄው ሁለት ክክ ከአፈር ይወጣል፣ የባቄላው እዚያው ከታች ይቀራል።

አሁን አንዱን ፕላስቲክ ካርቶን ውስጥ ደብቁት። ይበቅላል። ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት የመጣ ልጅ ይሄ አይገርመውም፤ ብቅልም ተሸፍኖ ነው የሚበቅለው። ውሎ ሲያድር ግን የጨለማው ቡቃያ ቀጭን፣ ረጅምና ቢጫ ይሆናል። ፍሬው የያዘው ስንቅ ሲያልቅ ይሞታል። በብርሃን ያለው ግን ከውኃና ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡን ራሱ ይሠራል። ብርሃን አስተጻምሮ የሚባለው ይህ ነው።

መምህራን አደራ፣ በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ብርሃኑ ከተቀየረ ዘሩም ውኃውም እኩል ይሁን። አለዚያ ቡቃያው በምን እንደቀጨጨ ማወቅ አይቻልም። የደረቀውንም አትጣሉት፣ መዝግቡት።

ቨርቹዋሉ ጊዜ ይቆጥባል። ማሽላ ከዘር እስከ አዝመራ ወራት ይፈልጋል፤ ስክሪን ላይ በደቂቃዎች ያልቃል። ተማሪው ዝናቡን ቀንሶ፣ ሙቀቱን ጨምሮ ደጋግሞ ይሞክራል። የሚያየው ግን ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ያስገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ስክሪኑ መገመቻ፣ ፕላስቲኩ ማረጋገጫ ይሁን። መብራት ከሌለም ፕላስቲኩ ብቻውን ያስተምራል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመኪና ግን ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ከረጢት ማሾ ተካፍለው በአንድ ቀን ይዝሩ። ማሾ ሙቀት ይወዳልና የኮምቦልቻው ይቀድማል። ልጆቹ በስንት ቀን እንደሚቀድም አስቀድመው ግምታቸውን ይጻፉ። ከዚያ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶና የሙቀት መጠን በቴሌግራም ይለዋወጡ።