ሌብሊንግ ምንድን ነው? («እኛ እኮ ዲ ነን»)

ሌብሊንግ ባጭሩ ሰው ላይ ስም መለጠፍ ነው፣ ጎበዝ፣ ሰነፍ፣ ደካማ ብሎ። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ስሙ በአፍ ብቻ አይቀርም፣ ሴክሽን ይሆናል። የአምናውን አማካይ ያዩና ከላይ ያሉትን ኤ፣ ከታች ያሉትን ዲ ያስገቧቸዋል፣ ከዛ በኋላ ማንም ባይነግረውም ልጁ የት እንደተመደበና ለምን እንደተመደበ ያውቀዋል።

እኔ ይሄን ያየሁት እዚሁ ባህር ዳር የእህቴ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ነው። አንድ እሁድ ጣና ዳር ወክ እያደረግን የድሮ ጓደኛውን አገኘንና «የት ሴክሽን ነህ?» ሲለው የኛው «ቢ» አለው። ዲ ነው እኮ! እቤት እስክንገባ አላናገረኝም። ሆምወርክህን ስራ ስለው ደሞ «እኛ እኮ ዲ ነን፣ ማንም አያየውም» ይላል። «እኛ» ያላት ነገር እስካሁን ታመኛለች፣ ሒሳብ ከበደኝ እያለ አይደለማ፣ እኔ እንደዚህ ነኝ እያለ ነው።

እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው ካላችሁ፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን ያወጡት የታወቀ ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ላሉ አስተማሪዎች «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ይመነጠቃሉ» ብለው ከተማሪው 20 በመቶ የሚሆነውን ስም ሰጧቸው፣ ስሞቹ ግን እንዲሁ በዕጣ የወጡ ናቸው። በኋላ ሲፈተኑ በተለይ 1ኛና 2ኛ ክፍል ያሉት ከሌሎቹ የበለጠ አሻሽለው ተገኙ። ውጤቱ ተጋኗል ብለው የተከራከሩ ምሁራን አሉ፣ ግን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ አስተማሪ ጎበዝ ነው ያለውን ልጅ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ እስኪያስብ ይታገሰዋል፣ ሲሳሳት ያርመዋል፣ ደካማ ያለውን ግን «ተቀመጥ» ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ልጁም ከዛ በኋላ እጁን አያወጣም።

ኤ የገባውም ቢሆን ሁሌ አይደላውም። ኸርበርት ማርሽ የሚባል ተመራማሪ እንዳሳየው ጎበዝ ልጅ ጎበዞች ብቻ ያሉበት ሲገባ ራሱን የሚለካው በነሱ ስለሆነ ለራሱ ያለው ግምት ይወርዳል፣ ኩሬ ውስጥ ትልቅ የነበረ ዓሣ ጣና ሲገባ ትንሽ ይሆናል እንደማለት ነው።

ደከም ያለውን ልጅ ለይቶ ከሰዓት ቲቶሪያል መስጠት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አልቃወምም፣ ሲገባው ይወጣላ። ዲ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፣ በሁሉም ትምህርት ነው፣ አማርኛ ጎበዝ ቢሆን እንኳ ዲ ነው።

የኛው ዘንድሮ ት/ቤት ቀይሯል፣ እዛ የሚመድቡት አደባልቀው ነው። ሒሳብ አሁንም ይከብደዋል፣ ባለፈው ሳምንት ግን «ቲቸር ብላክቦርድ ላይ ወጥተህ ስራ አለኝ» ብሎ ራሱ ነው የነገረኝ።